የአለቃ ጆሮ

በ1914 መገባደጃ ላይ (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ውስጥ ተሰብስቦ ከነበረው የእንግሊዝኛ መምህራን ጉባኤ አሥራ ሰባት ሰዎች ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። እንጀራቸው ንግግር ማስተማር ነበር። ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምረው ባልደረባቸው ምሁር ተብሎ ሲከበር፣ እነሱ ተማሪ ቆሞ እንዲናገር ከማለማመድ ያለፈ ዕውቀት እንደሌላቸው ተደርገው ይታዩ ነበር። መገንጠሉ ከኩርፊያ ብዙም አይርቅም፤ ግን ኩርፊያው ፍሬ አፈራ። በዓመቱ የራሳቸውን የጥናት መጽሔት አወጡ። በ1922 ደግሞ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በንግግር ጥናት የመጀመሪያውን የዶክትሬት ዲግሪ ለሣራ ስቲንችፊልድ ሰጠ። ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ድርጅታዊ ኮሙኒኬሽን» ተብሎ በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ የሚሰጠው ትምህርት የዘር ሐረጉ ሲቆጠር አንደኛው መስመር ወደእነዚህ አኩራፊዎች ይወስዳል።

የትምህርቱን ስም ሲሰማ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ የሚመስለው ብዙ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ መግለጫ ያወጣል፣ ጋዜጠኛ ይጠራል፣ የድርጅቱን ስም ይጠብቃል። ይህኛው ግን ከግቢው በር ወደ ውስጥ ይገባል። ትእዛዝ እንዴት ይወርዳል? ቅሬታ እስከ የት ድረስ ይወጣል? የትኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ይቀራል? ስብሰባ ተቀምጦ ሁሉም የሚጠራጠርበትን ነገር ሁሉም እጁን አውጥቶ የሚያጸድቀው ለምንድን ነው? ጥያቄዎቹ የሚነሡት ከመሥሪያ ቤት ኑሮ ነው፤ ስለዚህም ሁለተኛው የዘር ሐረግ የሚጀምረው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ፍሬደሪክ ቴይለር በ1911 ስለ ሳይንሳዊ አመራር ባሳተመው መጽሐፍ ማሰቡን ለአለቃ፣ መሥራቱን ለሠራተኛ ሰጥቶ ነበር። በዚህ ክፍፍል የሠራተኛ አንደበት እምብዛም ቦታ የለውም፤ ትእዛዝ ይወርዳል፣ ሥራ ይሠራል፣ ሰዓት ይለካል። ከቺካጎ ጎን ባለችው በሲሴሮ ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። የስልክ መሣሪያ የሚያመርተው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሃውቶርን ፋብሪካ በ1924 መብራት ሲደምቅ ምርት ይጨምር እንደሆነ መሞከር ጀመረ። ውጤቱ ከመብራቱ ጋር አልገጥም አለ። ነገሩን ለመፍታት የሃርቫርዱ ኤልተን ማዮና ባልደረቦቹ ተጠሩ፤ ጥናቱም እስከ 1932 ዘለቀ።

ሃውቶርን ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ መብራቱ ነው። እኔ የሚደንቀኝ ቃለ መጠይቁ ነው። ከ1928 ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከ21 ሺህ በላይ ሠራተኞች ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይዘው ነበር የገቡት። ሠራተኛው ግን ስለ ሥራ ቦታው ሲጠየቅ ወደ ሌላ ወሬ ይሄድባቸዋል፤ ወደ ጥያቄው ሲመልሱት አንድ ሁለት ቃል ብሎ እንደገና ልቡ ወዳለበት ይመለሳል። በመጨረሻ የተሸነፉት ጠያቂዎቹ ናቸው። ዝርዝሩ ቀረና ሠራተኛው የፈለገውን እንዲያወራ፣ ጠያቂው ሳያቋርጥ እንዲያደምጥ ተወሰነ። በአማካይ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ቃለ መጠይቅ አንድ ሰዓት ተኩል መፍጀት ጀመረ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኛውን ይህን ያህል ሰዓት ቁጭ ብሎ ማድመጡ ለዘመኑ ጉድ ነበር። ለሠራተኛው ታዝኖ ብቻ የተደረገ ነው ማለት ግን የዋህነት ነው። ብሶቱን የተነፈሰ ሰው ይቀልለዋል፣ የቀለለው ደግሞ ማኅበር ለማቋቋም አይቸኩልም የሚል ስሌት አለበት ተብሎ ጥናቱ በኋላ ብዙ ተወቅሷል። ወቀሳውን መዘንጋት አያስፈልግም፤ የምንተርከው ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ ሲከተለው የኖረ ጥርጣሬ ነውና።

የሃውቶርን ጥናት በ1939 ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ከእሱ በአንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1938፣ የኒው ጀርሲ ቤል ስልክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው ቼስተር ባርናርድ ስለ ሥራ አስኪያጅ ተግባራት የጻፈውን አሳትሞ ነበር። ባርናርድ ሃርቫርድ ገብቶ ዲግሪ ሳይዝ የወጣ ሰው ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ ያስቀመጠውን ሐሳብ ዛሬም ዶክትሬት የሚይዙ ተማሪዎች ሳያነቡት አያልፉም፤ የሥራ አስኪያጅ ቀዳሚ ተግባር በድርጅቱ ውስጥ የመገናኛ ሥርዓት መዘርጋትና ማቆየት ነው ይላል። ከዚህም አልፎ ሥልጣን የሚኖረው አዛዡ ዘንድ ሳይሆን ትእዛዙን የሚቀበለው ሰው ዘንድ ነው ይላል። የበታቹ ካልተቀበለው ትእዛዙ ትእዛዝ አይደለም ማለት ነው። ከስልክ ኩባንያ አለቃ የማይጠበቅ አባባል ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ወንዱ ሲዘምት ፋብሪካዎች ልምድ በሌላቸው አዳዲስ ሠራተኞች ተሞሉ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፎርማኖች ሥራ እንዴት እንደሚያስረዱና ሠራተኛ እንዴት እንደሚይዙ በመንግሥት ፕሮግራም ሠለጠኑ። የንግግር መምህራንም ለዚህ ሥልጠና ተፈለጉ። ከማስተማሪያ ክፍላቸው ወጥተው ጦር ሠፈርና ፋብሪካ ገቡ። ሠራዊት፣ ኢንዱስትሪና ዩኒቨርሲቲ የተገናኙበትን ይህን ጊዜ ነው በኋላ የዘርፉ ታሪክ ጸሐፊዎች የትምህርቱ እውነተኛ መፀነሻ ያደረጉት። ጦርነቱ ሲያበቃ መምህራኑ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ፤ ፋብሪካው ግን አብሯቸው መጣ። ተማሪዎቻቸው «የንግድ ንግግር»፣ «የኢንዱስትሪ ኮሙኒኬሽን» በሚሉ ርዕሶች የመመረቂያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመሩ። በ1950 የኮሙኒኬሽን አጥኚዎች አዲስ አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬ ዓለም አቀፉ የኮሙኒኬሽን ማኅበር የሚባለው እሱ ነው።

ትረካው ከዚህ በኋላ ወደ ኢንዲያና ግዛት፣ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ፐርዱ በምሕንድስናና በግብርና የታወቀ ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ ውስጥ ቻርለስ ሬዲንግ የሚባል መምህር እዚያ መጣ። የተወለደው በ1914 ነው፤ እነዚያ አሥራ ሰባቱ በተገነጠሉበት ዓመት። የኢንዱስትሪ ኮሙኒኬሽን ምርምር ማዕከልን መርቶ፣ ተማሪ ተቀብሎ፣ ጽሑፍ አርሞ፣ ዶክተር አድርጎ ሸኝቶ በኋላ የዘርፉ አባት ተብሏል። እንዲህ ያለው ማዕረግ ብዙ ጊዜ ለሽማግሌ መምህር በቸርነት ይታደላል፤ ለሬዲንግ ግን በልኩ የተሰፋ ነው።

የዚያን ዘመን ጥናቶች ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የአለቃው ቃል ሠራተኛው ጋ እንዴት በደንብ ይድረስ? በ1954 የታተመው የቶማስ ዳህል ጥናት አንድን መረጃ በአምስት መንገድ አሰራጭቶ ሠራተኞች የቱን እንደሚያስታውሱ ፈተነ። በቃልም በጽሑፍም ሲነገር ይበልጥ ይታወሳል። በቃል ብቻ ይከተላል፤ በጽሑፍ ብቻ ሦስተኛ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳ አራተኛ ሲሆን፣ ከሰው ለሰው በሚሄድ ወሬ ብቻ የሰማ መጨረሻ ይወጣል። ወሬ ግን የራሱ ጉልበት እንዳለው ኪዝ ዴቪስ በ1953 አሳይቶ ነበር። ባጠናው ድርጅት የአንድ ኃላፊ ሚስት ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆስፒታል ትወልዳለች። በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ከድርጅቱ ኃላፊዎች ግማሽ ያህሉ ሰምተዋል፤ ማንም ሰርኩላር አልበተነም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወሬው የሚያልፈው በሁሉም ሰው አፍ እንዳልሆነም ዴቪስ ተገነዘበ፤ አብዛኛው ሰምቶ ዝም ይላል፣ የሚያዛምቱት ጥቂቶች ናቸው። መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው እነዚያ ጥቂቶች የትኛው ቢሮ እንደሚቀመጡ ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም።

የሬዲንግ ተማሪዎች ደግሞ በየፋብሪካውና በየኩባንያው እየገቡ ፎርማኖችን ማጥናት ያዙ። አንዱ ተማሪ አንድ ድርጅት ይይዛል፤ በበላዮቹ ዘንድ ጥሩ የተባለውን ተቆጣጣሪ መካከለኛ ከተባለው ያነጻጽራል። ሌላው ሌላ ቦታ ሄዶ ይደግመዋል። ዓመታት አልፈው የመመረቂያ ጽሑፎቹ ሲደራረቡ የጥሩ ተቆጣጣሪ መልክ ከውስጣቸው ወጣ። ጥሩው ተቆጣጣሪ ሲነጋገር የሚደሰት ነው። ሰው ሲያናግረው ያደምጣል፣ የበታቹን ስሜት ይረዳል። ከማዘዝ ይልቅ መጠየቅና ማሳመን ይቀናዋል፤ ለውጥ ሲመጣ አስቀድሞ ይናገራል፣ ምክንያቱንም አይደብቅም። ለአለቃ ምላስ ብልሃት ሊፈልጉ የተላኩ ተማሪዎች የአለቃን ጆሮ አግኝተው ተመለሱ።

ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ፊሊፕ ቶምፕኪንስ ለየት ያለ መንገድ መረጠ። በ1962 የጨረሰው የዶክትሬት ጽሑፍ ያጠናው ፋብሪካ ወይም ኩባንያ ሳይሆን አንድን አገር አቀፍ የሠራተኛ ማኅበር ነበር። ስለ አለቆች ጆሮ ደንቆሮነት ሲከራከር የሚውለው የሠራተኛ ማኅበር ራሱ ምን ይመስላል ብሎ ዋናውን ጽሕፈት ቤትና ቅርንጫፎቹን አነጻጸረ። ከላይ ያሉት መሪዎችና ከታች ያሉት አባላት አንድን ጉዳይ የሚያዩት ተራርቀው ነበር፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ርቀቱ ይሰፋል። ርቀቱ የአለቃ ክፋት ሳይሆን የድርጅት ቁመት ያመጣው ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ይዞ ነው ቶምፕኪንስ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ አላባማ የሄደው።

በ1967 ክረምት ሃንትስቪል ከተማ ያለው የማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከል የጨረቃውን ሮኬት፣ ሳተርን 5ን፣ ሊያስወነጭፍ እየተጣደፈ ነበር። ማዕከሉን የሚመራው ቨርነር ፎን ብራውን ነው። እዚህ ላይ ሳይባል መታለፍ የሌለበት ነገር አለ፤ ይህ ሰው ለናዚ ጀርመን ቪ-2 ሚሳይልን የሠራ፣ የናዚ ፓርቲና የኤስኤስ አባል የነበረ፣ ሚሳይሉም በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች በሞቱበት የግዳጅ ሥራ የተመረተ ነው። የግልጽነት አርአያ ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው ሰው ያንን ዘመን በሚመለከት ግልጽ አልነበረም። አንዱ ሌላውን አይፍቅም፤ ሁለቱንም ይዞ ማንበብ ነው።

ቶምፕኪንስ በዚያ ክረምት የፎን ብራውን የኮሙኒኬሽን አማካሪ ሆኖ ገባ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ካሉት ማዕከል ሃምሳ የሚሆኑ ከፍተኛ ኃላፊዎችን እየዞረ አነጋገረ፤ ምን ይሠራል? ምን አይሠራም? አብዛኞቹ የሚሠራ ነገር ሲጠየቁ ያነሡለት አንድ ነገር ነበር፤ የሰኞ ማስታወሻ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ደርዘን የሚሆኑ ኃላፊዎች በየሳምንቱ አንድ ገጽ ለፎን ብራውን ይጽፋሉ፤ በሳምንቱ የተሠራውንና የተበላሸውን። ቅጽ የለውም፣ ፕሮቶኮል የለውም፣ ከአንድ ገጽ ማለፍ ብቻ ክልክል ነው። ጽሑፉ ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ከእሱ በሁለት እርከን ዝቅ ያሉ ናቸው፤ በመካከል ያለው አለቃቸው አያርመውም። ፎን ብራውን በኅዳጉ ላይ በእጁ ይጽፍበታል፤ ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ «ይህን ከእገሌ ጋር ተነጋገሩበት» ይላል። ከዚያ ማስታወሻዎቹ በሙሉ ከነኅዳግ ጽሑፋቸው ተባዝተው ለሁሉም ጸሐፊዎች ይመለሳሉ።

ብልሃቱ ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ወደ ላይ ሪፖርት የማያደርግ መሥሪያ ቤት የለም። እዚህ ግን የሞተሩ ክፍል ኃላፊ የመቆጣጠሪያ መሣሪያው ክፍል የገጠመውን ችግርና አለቃው ለዚያ የሰጠውን መልስ በዚያው ሳምንት ያነባል። አንዱ በሌላው ማስታወሻ ላይ በሚቀጥለው ሰኞ መልስ ይሰጣል፤ ክርክሩ በሁሉም ፊት ይካሄዳል። ቶምፕኪንስ ወደ ታች ወርዶ ሲጠይቅ ደግሞ ፎን ብራውን ራሱ ያላዘዘውን ነገር አገኘ። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ የሰኞውን ገጽ ለመሙላት ሲሉ ከበታቾቻቸው የዓርብ ማስታወሻ ይጠይቁ ነበር፤ አንዳንዶቹም የዓርቡን ማስታወሻ እንደ ሰኞው አባዝተው ይመልሱ ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ግቢውን በሙሉ እያናገረ ነው። ይህን ሁሉ የሚያመጣው የአለቃው የእጅ ጽሑፍ መሆኑንም ኃላፊዎቹ አልሸሸጉም፤ መነበቡን ያወቀ ሰው ይጽፋል።

ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነ አንድ ታሪክም በሃንትስቪል ይነገር ነበር። ሬድስቶን የሚባለው ሚሳይል በሙከራ ላይ ከሽፎ ምክንያቱ ሲፈለግ አንድ መሐንዲስ ራሱ መጥቶ ሲያጠባብቅ የሆነ ነገር እንደነካና ብልጭታ እንዳየ ተናገረ። ሲጣራ ጥፋቱ ያ ነበር። ፎን ብራውን ለመሐንዲሱ አንድ ጠርሙስ ሻምፓኝ ላከለት። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሚሳይል ወድቋል፤ ምክንያቱን ባያውቁት ግን ሚሳይሉን በሙሉ እንደገና መንደፍ ሊኖርባቸው ነበር። የሻምፓኙ ዋጋ ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው።

በዚያው በ1967 ማዕከሉ ውስጥ ስለ ድርጅታዊ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ተካሄደ። ቶምፕኪንስ እስከዚያን ጊዜ የተሠሩትን መቶ ያህል ጥናቶች ገምግሞ አቀረበ። በየዩኒቨርሲቲው የተበታተነው ሥራ በአንድ ላይ ሲታይ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ መልክ ነበረው። በቀጣዩ ዓመት በዓለም አቀፉ ማኅበር ውስጥ የዘርፉ ክፍል ተቋቋመ፤ ሬዲንግም በ1972 የዘርፉን ምርምር በአንድ መጽሐፍ አጠቃልሎ መረመረ። ጥሩ የሥራ አየር የሚሠራው ከምን እንደሆነ ዘረዘረ፤ ከመደገፍ፣ ውሳኔን ከመጋራት፣ ከመተማመን፣ ከግልጽነት፣ የሥራን ግብ ከፍ ከማድረግ። ከዚህም የሚበልጥብኝ ሌላ ሐሳቡ ነው፤ ሠራተኛ የሚሠራው በተላከለት መልእክት ሳይሆን በደረሰው መልእክት ነው፤ የአለቃ ዝምታም፣ መዘግየትም፣ ፊት መንሣትም መልእክት ሆኖ ይደርሳል።

1970ዎቹ የልኬት ዘመን ሆኑ። መጠይቅ በትነው፣ ቁጥር ደምረው የድርጅትን ጤንነት የሚመረምሩ ባለሙያዎች በዙ፤ ዓለም አቀፉ ማኅበር ራሱ ለዚህ የሚሆን የኮሙኒኬሽን ኦዲት ሲያበጅ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ሥራው ጠቃሚ ነበር፣ ግን ሲያነቡት እንቅልፍ ያመጣል።

እንቅልፉን ያባረሩት በ1981 ክረምት ዩታ ግዛት፣ አልታ በሚባል ተራራማ ስፍራ የተሰበሰቡ ወጣት ምሁራን ናቸው። ሊንዳ ፑትናምና ማይክል ፓካኖውስኪ ከጉባኤው የወጡትን ጽሑፎች በ1983 አሳተሙ። የእነሱ ተማሪ መጠይቁን ትቶ እንደ ባህል አጥኚ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይከርማል። ሠራተኞች በሻይ ሰዓት የሚያወሩትን ቀልድ፣ ስለ ቀድሞው አለቃ የሚተርኩትን፣ አዲስ ገቢ እንዴት እንደሚፈተን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ፖሊስ ጣቢያም፣ የቤዝቦል ሜዳም ውስጥ ገቡ። ለአጥኚው ድርጅት ማለት ሰዎች በወሬያቸው በየቀኑ የሚሠሩት ነገር ሆነ።

ሽማግሌው ሬዲንግ ይህን ሁሉ እያየ በ1985 ራሱ ያሳደገውን ትምህርት የሚገሥጽ ጽሑፍ አወጣ። ጀልባ ስለማናወጥና የተደበቀ ጥፋት ስለማጋለጥ ነበር። ክሱ አጭር ነው፤ ተማሪዎቻችንን በድርጅት ውስጥ ተስማምተው እንዲኖሩ እናስተምራለን፣ «ይህ ትክክል አይደለም» ማለትን ግን አናስተምርም። መማሪያ መጻሕፍቱ ተቃውሞን ረስተዋል።

ማስረጃው ለመምጣት ብዙ አልቆየም። በዚያው በ1985 ሐምሌ ወር የጠፈር መንኮራኩር ገፊ ሮኬቶችን የሚሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲስ ሮጀር ቦይጆሊ ለበላዮቹ ጻፈ፤ የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ካልተስተካከለ የሰው ሕይወት ይጠፋል ሲል። ጥር 27 ቀን 1986 ምሽት ኩባንያው፣ ማርሻል ማዕከልና የማስወንጨፊያው ጣቢያ በማግሥቱ ስለምትወነጨፈው የጠፈር መንኮራኩር፣ ስለ ቻሌንጀር፣ በስልክ ስብሰባ ተቀመጡ። መሐንዲሶቹ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ አትወንጨፍ አሉ። የማርሻል ኃላፊዎች ተቃወሙ። ኩባንያው ለብቻው ልምከር ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ በምክክሩ ላይ የምሕንድስናው ኃላፊ የመሐንዲስ ባርኔጣውን አውልቆ የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣ እንዲያደርግ ተነገረው። አደረገ። በማግሥቱ ጠዋት ቻሌንጀር ከተነሣች በ73 ሰከንድ ሰባት ሰዎች ይዛ ተበታተነች።

ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ስለ ጎማ ቀለበቱ ብቻ ጽፎ አላበቃም። የማርሻል ኃላፊዎች ከባድ ችግርን ወደ ላይ ከማሳወቅ ይልቅ በግቢያቸው ይዘው ለመፍታት ያዘነብሉ ነበር አለ። የሰኞ ማስታወሻ የሚጻፍበት ግቢ ነው ይህ። ፎን ብራውን ከሃንትስቪል ከለቀቀ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ መጥፎ ዜና ሻምፓኝ የሚያስገኝበት ጊዜ አልፎ ሆድ ይፍጀው የሚባልበት ጊዜ መጥቷል። ቶምፕኪንስ በ1990 ወደ ማዕከሉ ተመልሶ ሰዎችን እንደገና አነጋገረ፤ በ1993 ያሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን ዘመናት ያነጻጽራል። ያንኑ ግቢ በሁለት ዘመን ከውስጥ ያየ አጥኚ ማግኘት ብርቅ ነው።

በዚያ መካከል ቶምፕኪንስ ራሱ ተማሪ አፍርቶ ነበር። ከአንዱ ተማሪው ከጆርጅ ቼኒ ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ ያነሣው ጥያቄ ከሬዲንግ ዘመን ጥያቄ ጋር ፊትና ጀርባ ነው፤ አለቃ ሳይቆም ሠራተኛው ራሱን የሚቆጣጠረው እንዴት ነው? በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጄምስ ባርከር ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ተነሥተው ሠራተኛው በቡድን ራሱን እንዲያስተዳድር የተደረገበት አነስተኛ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ከረመ። በ1993 የታተመው ጥናቱ ዘርፉን አስደነገጠ። ቡድኖቹ ቀስ በቀስ የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ ደንቡ ከቀድሞው አለቃ ይልቅ የጠበቀ ሆነ። ድሮ አለቃ ዘወር ሲል ትንፋሽ ይገኝ ነበር። አሁን የሥራ ባልደረባ ሁሉ አለቃ ነው፤ ዘወር የሚል የለም። መሳተፍና መወያየት መልካም ነው ብሎ ለአርባ ዓመት የሰበከው ትምህርት ስብከቱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በገዛ ተማሪው እጅ ተጽፎ ደረሰው።

ከዚያ ወዲህ በሩ ሰፋ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ብሬንዳ አለን በ1996 ባወጣችው ጽሑፍ አዲስ ገቢ ሠራተኛ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚለምድ የተጻፈው ሁሉ ጥቁር ሴት ስትገባ የሚደርስባትን እንደማያውቅ ከራሷ ሕይወት አሳየች። ጥናቱ ስለ ሠራተኛ ሲል የኖረው በአእምሮው አንድ ዓይነት ሠራተኛ ይዞ ነበር። በሞንትሪያል ደግሞ ጄምስ ቴይለርና ተማሪዎቹ ከሥሩ ጠየቁ፤ ድርጅት የሚባለው ነገር ከንግግርና ከጽሑፍ ውጭ የት አለ? ቴይለር ከኤሊዛቤት ቫን ኤቨሪ ጋር በ2000 ያሳተመው መጽሐፍ ለጀማሪ ተማሪ ከባድ ነው፤ በአገራችን መሥሪያ ቤት ለሠራ ሰው ግን ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው ይነጋገራሉ፤ ንግግሩ ቃለ ጉባኤ ይሆናል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዓመት በኋላ የተናገሩት ሰዎች ተዛውረው እንኳ ወረቀቱ «በተወሰነው መሠረት» እያለ ሌሎችን ያዛል። ድርጅቱ ያ ነው ይላሉ የሞንትሪያል ሰዎች።

የቻሌንጀር ታሪክ ግን ተደገመ። ጥር 16 ቀን 2003 ሌላዋ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች የክንፉ ፎቶግራፍ በሳተላይት እንዲነሣ በተደጋጋሚ ጠየቁ፤ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀረ። አንዱ መሐንዲስ ጥያቄው መተዉ ስህተትና ከባድ አደጋ ሊያመጣ የሚችል መሆኑን በኢሜይል ጻፈና አልላከውም፤ ባልደረባውን ግን አሳየው። በኋላ ሲጠየቅ የዕዝ ሰንሰለቱን መዝለል እንዳልፈለገ ተናገረ። የካቲት 1 ቀን መንኮራኩሯ ከነሰባት ሰዎቿ ጠፋች። ቶምፕኪንስ በ2005 ሌላ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያልተላከው ኢሜይልም ከባርናርድና ከሬዲንግ ጎን በማስተርስ ተማሪዎች የንባብ ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ዛሬ ዘርፉን የሚማር ሰው ማስተርሱን በሁለት ዓመት ገደማ፣ ዶክትሬቱን ከዚያ በኋላ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ይጨርሳል። የንድፈ ሐሳብና የምርምር ዘዴ ኮርሶችን ይወስዳል፣ አጠቃላይ ፈተና ይቀመጣል፤ ከዚያ መሥሪያ ቤት ፍለጋ ይወጣል። በ1950ዎቹ የፐርዱ ተማሪ ፋብሪካ የሚገባው በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ነበር፤ የዛሬውም የሚገባው በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ነው፤ በዚህ በኩል ብዙ አልተቀየረም። የተቀየረው ከመግባቱ በፊት የሚፈርመው ወረቀት ነው። በ1974 በወጣው የአሜሪካ የምርምር ሕግ የተነሣ ዩኒቨርሲቲዎች ሰው ላይ የሚደረግን ጥናት የሚመረምር ቦርድ አቋቁመዋል። ተማሪው ማን ምን እንዳለው ለአለቃው እንደማይናገር፣ ስሞችን እንደሚቀይር፣ ቅጂውን የት ቆልፎ እንደሚያስቀምጥ ለዚህ ቦርድ ጽፎ ማስፈቀድ አለበት። ሠራተኛውም በፈለገበት ሰዓት ቃለ መጠይቁን አቋርጦ መውጣት እንደሚችል በጽሑፍ ይነገረዋል። አንዳንድ ኩባንያ ይህን ሲያነብ ፈቃዱን ይከለክላል፤ ተማሪውም ሌላ በር ያንኳኳል።